በአላስካ የባሕር ዳርቻ ድፍድፍ ነዳጅ የሚመገቡ ረቂቃን

ከአላስካ ትልቅ ከተማ ከአንኮሬጅ ተነሥቶ ወደ ቫልዴዝ ወደብ በመኪና የሚጓዝ መንገደኛ 490 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ከዚህ ሁሉ መንገድ ይልቅ ያማረው መጨረሻው ነው። ቶምፕሰን የሚባለውን የተራራ በር አልፎ ቁልቁል ሲወርድ፣ ኪስቶን በተባለው ጥልቅ ገደል ውስጥ ግራና ቀኝ ከድንጋዩ አናት የሚወረወሩ ፏፏቴዎችን ያያል። ከገደሉ ሲወጣ ደግሞ በረዶ የለበሱ ተራሮች የከበቡት፣ እንደ ሐይቅ ጸጥ ያለ የባሕር ክንድ ከፊቱ ይዘረጋል። ይህ ባሕር ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ ይባላል። ሳውንድ ማለት በየብስና በደሴቶች መካከል ዘልቆ የገባ የባሕር ወሽመጥ ማለት ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1778 ወደዚያ ደርሶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ልብ ይበል።)

አገሩ ብርዳም ነው። በቫልዴዝ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቢደመር ቁመቱ ከ7 ሜትር ይበልጣል። የበረዶ ግግሮች ከተራራው እስከ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ ከጫፋቸውም እየተገመሱ በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ዳርቻው እንደ ምጽዋ ወይም እንደ ጅቡቲ አሸዋማ ሳይሆን፣ አብዛኛው ጠጠርና ድብልብል ድንጋይ የተከመረበት ነው። ከድንጋዩ በላይ የፈረንጅ ጥድ የሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች የሞሉበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይጀምራል። በባሕሩ ውስጥ ሳልሞንና ሄሪንግ የተባሉት ዓሦች፣ ኦተር የተባለው ወፍራም ጸጉር ያለው የባሕር እንስሳ፣ እንዲሁም ዓሣ ነባሪዎች ይኖራሉ፤ በላዩ ንስሮች ያንዣብባሉ። የአገሬው ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸው ከዚህ ባሕር ነው።

ይህ ውብ አገር ሁለት ጊዜ ታላቅ መከራ አይቷል፤ ሁለቱም መከራዎች የደረሱት ምዕራባውያን የስቅለትን በዓል በሚያከብሩበት ዓርብ ቀን ነው። የመጀመሪያው በ1964 መጋቢት ወር የሆነው የምድር መናወጥ ሲሆን፣ ልኩ 9.2 ነበር። የቫልዴዝ ወደብ ከነመድረኩ ወደ ባሕር ሰጠመ፤ 30 ያህል ሰዎችም ሞቱ። ከተማዪቱ ከዚያ በኋላ ተነሥታ አሁን ባለችበት ጠንካራ መሬት ላይ እንደገና ተሠራች። ቸኔጋ በምትባል ትንሽ የአገሬው ተወላጆች መንደር ደግሞ የባሕሩ ማዕበል ቤቶቹን ጠራርጎ ሲወስድ፣ ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ አለቀ። የተረፉት ተበትነው 20 ዓመት ከኖሩ በኋላ፣ በ1984 ገደማ በሌላ ደሴት ላይ መንደራቸውን እንደገና አቋቋሙ። ገና አምስት ዓመት እንደ ኖሩ ሁለተኛው መከራ ደረሰ።

በሰሜን አላስካ ፕሩዶ ቤይ በተባለው ቦታ በ1968 ብዙ ነዳጅ ተገኝቶ ነበር። የሰሜኑ ባሕር አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ ስለሚዘጋ፣ ነዳጁን ወደ ደቡብ የሚያመጣ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቧንቧ ተዘርግቶ በ1977 ሥራ ጀመረ። የቧንቧው መጨረሻ ቫልዴዝ ነው። ከዚያ ወዲያ መርከቦች በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየተመላለሱ ነዳጁን ጭነው ሄዱ። ሕዝቡም ሥጋቱን ቀስ በቀስ ረሳው።

በ1989 መጋቢት 23 ቀን ማታ፣ ርዝመቷ 300 ሜትር የሆነ ኤክሶን ቫልዴዝ የምትባል መርከብ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ወደ ካሊፎርኒያ ተነሣች። ከበረዶ ግግር የተገመሱ ስብርባሪዎች በመንገዷ ላይ ስለ ተንሳፈፉ፣ እነርሱን ለመሸሽ ከተለመደው የመርከብ መስመር ወጣች፤ ወደ መስመሩም በጊዜ አልተመለሰችም። ካፒቴኑ በዚያ ሰዓት በመሪው ክፍል አልነበረም። ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ብላይ ሪፍ ከተባለው የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ጋር ተጋጨች። ሆዷ ተቀደደና ከ40 ሚሊዮን ሊትር የሚበልጥ ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ባሕሩ ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ቀናት ነፋስ የሌለባቸው ጸጥ ያሉ ቀናት ነበሩ። ነገር ግን ለእንዲህ ያለ አደጋ የተዘጋጀው መሣሪያ ጥቂት ነበርና፣ መልካሙ ጊዜ ብዙ ሥራ ሳይሠራበት አለፈ። በአራተኛው ቀን ገደማ ማዕበል ተነሣ፤ ድፍድፉም ከውሃና ከአየር ጋር እየተመታ እንደ ወፍራም ጥቁር ሊጥ ሆነ። ከዚያም በየደሴቱ ዳርቻ ተለጠፈ። በጠቅላላው 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ዳርቻ ተበከለ። 250 ሺህ ያህል የባሕር ወፎችና 2,800 ያህል ኦተሮች እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል። ዓሣ ማስገር ተከለከለ። የቸኔጋ ሰዎችም የምድር መናወጡ 25ኛ ዓመት በሚታሰብበት ሰሞን የሚመገቡበት ባሕር ጠቁሮ አዩ።

ዳርቻውን ለማጽዳት በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰማሩ። ድንጋዩን አንድ በአንድ በጨርቅ የሚወለውሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ እስከ 60 ዲግሪ የጋለ ውሃ በኃይለኛ ቧንቧ እየረጩ አጠቡት። ይህ እጥበት ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ድንጋዩ ወዲያው ይነጣልና። ነገር ግን በኋላ ሲመረመር፣ ከድፍድፉ የተረፉትን ቀንድ አውጣዎችና የባሕር ሣሮች የፈላው ውሃ ቀቅሎ ገድሏቸው ተገኘ። እንዲያውም ድፍድፉን ከላይኛው ድንጋይ ወደ ታችኛው ጠጠር ያወረደበት ቦታ አለ። ከዚህ የተነሣ አዋቂዎቹ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ ያን ጊዜም ዓይናቸውን ወደ ባክቴሪያዎች መለሱ።

ባክቴሪያ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ የሚሆን፣ በዓይን የማይታይ ሕያው ፍጥረት ነው። ብዙ ሰው ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ ይታሰበዋል፤ ይሁን እንጂ የጤፉን ሊጥ የሚያኮመጥጡትና እርጎውን የሚያረጉት ረቂቃን ከዚሁ ወገን ናቸው። በባሕርና በአፈር ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ነዳጅን እንደ እህል የሚመገቡ ብዙ ዓይነቶች አሉ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ነዳጅ ራሱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሞቱ ሕያዋን የተገኘ ነው፤ ከባሕር ወለል ስንጥቅ በገዛ ራሱ እየፈለቀ የሚወጣበት ቦታም ብዙ ነው። ስለዚህ ሰው መርከብ ሳይሠራ ጀምሮ ባክቴሪያዎች ይህን ምግብ ለምደውታል። ለምሳሌ ከጀርመን አገር ጫፍ ቦርኩም በምትባለው ደሴት ስም የተጠራው አልካኒቮራክስ ቦርኩሜንሲስ የተባለው ባክቴሪያ በ1998 በሳይንስ መጽሔት ላይ ተገልጧል። ይህ ፍጥረት ከነዳጅ በቀር ሌላ ምግብ እምብዛም አያውቅም። ድፍድፉን ለመብላት ሲል እንደ እንዶድ አረፋ ቅባትን ከውሃ ጋር የሚያዋሕድ ነገር ከሰውነቱ ያወጣል። በመጨረሻም ከተበላው ነዳጅ የሚቀረው አብዛኛው ውሃና የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

እንዲህ ከሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ድፍድፉን በልተው ለመጨረስ ለምን ይዘገያሉ? መልሱ ከገበሬው ማሳ ጋር ይመሳሰላል። ነዳጅ ካርቦንና ሃይድሮጂን እንጂ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የለውም ቢባል ይቀላል፤ ሕያው ፍጥረት ደግሞ ያለ እነዚህ ሰውነቱን ሊሠራ አይችልም። ድፍድፍ በፈሰሰበት ዳርቻ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች እንጀራ ተትረፍርፎለት ወጥ እንደ ታጣበት ቤት ሰው ናቸው። ሁለተኛው እንቅፋት ብርዱ ነው። በደብረ ብርሃን የተቦካ ሊጥ በአዋሽ ቆላ ከተቦካው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚኮመጥጥ የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ የባክቴሪያም ሥራ በብርድ ይዘገያል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም። ብርድ ለምደው የሚኖሩ ዓይነቶች አሉና። ሦስተኛው ነገር ኦክስጂን ነው፤ አየር በማይደርስበት ቦታ ሥራው እጅግ ያዘግማል።

በ1989 ክረምት የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና የመርከቢቱ ባለቤት ኩባንያ በአንድነት በናይት ደሴት ላይ ሙከራ ጀመሩ። ሐሳቡ ባክቴሪያ ከሌላ አገር ማምጣት ሳይሆን፣ በዚያው ዳርቻ ላይ ላሉት ማዳበሪያ መስጠት ነበር። አንደኛው ማዳበሪያ ኢኒፖል የሚባል በፈረንሳይ የተሠራ ፈሳሽ ሲሆን፣ በቅባት ላይ እንዲጣበቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ገበሬዎቻችን የሚያውቁት ዩሪያ ነው። ሁለተኛው ከስተምብሌን የተባለ፣ ቀስ በቀስ የሚሟሟ ፍሬ ፍሬ ማዳበሪያ ነው፤ የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል በየጊዜው ጥቂት ጥቂቱን ያቀልጠዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ኢኒፖል የተረጨበት ቦታ ከአጠገቡ ካለው ጥቁር ድንጋይ ተለይቶ፣ በአራት ማዕዘን እንደ ተከፈተ መስኮት ነጥቶ ታየ። ይህን ያዩ ሁሉ ተደነቁ።

ይሁን እንጂ ጥሩ ተመራማሪ ባየው ነገር ብቻ አይረካም። ድንጋዩ የነጣው ባክቴሪያ ስለ በላው ነው ወይስ ማዕበል ስላጠበው? ይህን ለመለየት የተጠቀሙበት ዘዴ ብልህነት ያለበት ነው። በድፍድፍ ውስጥ ሆፔን የሚባል፣ ባክቴሪያ በቶሎ ሊበላው የማይችል ጠንካራ ነገር በጥቂቱ ይገኛል። ማዕበል ድፍድፉን ቢያጥበው ሆፔኑም ሌላውም አብረው ይሄዳሉ፤ ባክቴሪያ ቢበላው ግን ሌላው እያነሰ ሆፔኑ ይቀራል። ከጓዳ እህል ሲጎድል አይጥ በልታው እንደ ሆነ በተረፈው ገለባ እንደሚታወቅ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን፣ ማዳበሪያ ባገኘው ዳርቻ የባክቴሪያዎቹ ሥራ እንደ ቦታው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዳርቻ ማዳበሪያ ተረጨ። በሚቀጥሉትም ዓመታት ሥራው ቀጥሎ፣ በጠቅላላው ወደ 50 ሺህ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን ወጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በዓይን የማይታዩት ረቂቃን ተባብረው ብዙ ሺህ ሠራተኛ ያልቻለውን ሥራ ያዙ።

በዚህ ጊዜ ነጋዴዎችም አልቀሩም። የእኛ ባክቴሪያ ከሁሉ ይበልጣል የሚሉ ብዙ ሻጮች ዕቃቸውን አቀረቡ። መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻዎቹን ተቀብሎ፣ የተመረጡትን በቤተ ሙከራ ካስመረመረ በኋላ፣ ከእነርሱ ሁለቱን በ1990 በዳርቻው ላይ ፈተነ። ከውጭ የመጡት ባክቴሪያዎች የአገሬው ባክቴሪያዎች በማዳበሪያ ብቻ ከሠሩት የበለጠ ሥራ መሥራታቸው አልታየም። ይህ ለማንኛውም መንግሥት ሹም የሚጠቅም ትምህርት ነው፤ የሚሸጠው ጠርሙስ ሳይፈተን ገንዘብ እንዳይወጣ ያስጠነቅቃልና። ማዳበሪያውም ቢሆን ያለ ጉዳት አልነበረም። ኢኒፖል ውስጥ ያለ አንድ መሟሟያ ለሠራተኞቹ ጤና አስጊ ስለ ሆነ፣ የሚረጩት ሰዎች መከላከያ ልብስ እንዲለብሱ አስፈልጓል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን፤ ባሕሩ ዳነን? መልሱ አዎንም አይደለምም ነው። በላይ ያለው ድንጋይ በአብዛኛው ጸድቷል፤ ሳልሞኑም ተመልሷል። የኦተሮቹ ቁጥር ከአደጋው በፊት ወደ ነበረበት መመለሱ የተነገረው በ2014፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። የሄሪንግ ዓሣ ግን በ1993 ወድቆ የቀድሞው ብዛት ሳይመለስ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ድፍድፉ ነው ወይስ በሽታ የሚለው ሊቃውንቱን እንዳከራከረ ነው። በ2001 መንግሥት የላካቸው ተመራማሪዎች 91 ዳርቻዎችን ቆፍረው ሲመለከቱ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ድፍድፍ አገኙ፤ አንዳንዱም ገና ፈሳሽ ነበር።

ባክቴሪያዎቹ ያንን ለምን ተዉት? በ2010 የታተመ ጥናት ምክንያቱን ገለጠ። ዳርቻው ሁለት ድርብ አለው። የላይኛው ልል ጠጠር ስለ ሆነ ውሃ እንደ ልቡ ይመላለስበታል፤ የታችኛው ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ውሃ እጅግ በዝግታ ነው የሚያልፍበት። በዚያ ውስጥ ኦክስጂንም ማዳበሪያም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ በምግብ ተከበው ትንፋሽ አጥተው ተቀምጠዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ረቂቃኑ ታማኝ ሠራተኞች ቢሆኑም ተአምር ሠሪዎች አለመሆናቸውን ነው። ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያላቸውን የነዳጅ ክፍሎች ፈጥነው ይበላሉ፤ ሬንጅ የሚመስለውን ከባዱን ክፍል ግን ለብዙ ዘመን ይተዉታል።

በሌሎች አስቸጋሪ አገሮችም እንዲሁ ያለ ነገር ታይቷል። በ1991 በኩዌት ጦርነት ጊዜ ከ600 የሚበልጡ የነዳጅ ጉድጓዶች ሲቃጠሉ፣ በምድረ በዳው ላይ የድፍድፍ ሐይቆች ተኝተው ቀሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኩዌት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በዚያ በተበከለው አሸዋ ላይ በቅለው የተገኙ የበረሃ አበቦችን ነቅለው ሲያዩ፣ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ ሳለ ሥሮቹ ንጹሕና ነጭ ነበሩ። በሥሮቹ ዙሪያ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው ተገኙ። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ጉድጓድ በፈነዳ ጊዜም፣ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚጠልቀው፣ 5 ዲግሪ ያህል በሚቀዘቅዘው ጨለማ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያዎች በዝተው ድፍድፉን ሲበሉ ተገኝተዋል። በብርድም፣ በሙቀትም፣ በጥልቅም ረቂቃኑ አሉ።

ይህ ታሪክ ለቀይ ባሕር አገሮች ሩቅ አይደለም። ከየመን ጠረፍ ወጣ ብሎ ሴፈር የምትባል አሮጌ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ፣ ከአንድ ሚሊዮን በርሜል የሚበልጥ ድፍድፍ ይዛ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆማ ነበር። ይህም በአላስካ ከፈሰሰው አራት እጥፍ ያህል ነው። ብትሰበር ኖሮ የምጽዋንና የአሰብን፣ የጅቡቲንም ዳርቻ ባሰጋች ነበር፤ የኢትዮጵያ ነዳጅ ደግሞ በብዛት የሚገባው በጅቡቲ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2023 ሐምሌና ነሐሴ ድፍድፉን ወደ ሌላ መርከብ አስገልብጦ አደጋው ቀረ። የቀይ ባሕር ውሃ ሞቃት ስለ ሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአላስካው ይልቅ ሊፈጥኑ ይችላሉ። ነገር ግን ባሕሩ የተመሠረተው በዛጎል ድንጋይ ላይ ነው፤ ለድንጋያማ ዳርቻ የጠቀመው ማዳበሪያ በዚያ ቢበዛ አልጌን አብዝቶ ዛጎሉን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ የአንዱ አገር መድኃኒት ሳይመረመር በሌላው አይረጭም።

ባሕር የሌለውም አገር ቢሆን ከዚህ ጉዳይ ነጻ አይደለም። በየጋራዡ ጓሮ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይት ወደ አፈሩና ወደ ወንዙ ይገባል። እንዲህ ያለውን አፈር ቆፍሮ አየር እንዲያገኝ እየገለበጡ፣ ውሃና ማዳበሪያ በልኩ እየሰጡ የአገሩን ባክቴሪያዎች ማሠራት በብዙ አገር የተለመደ ዘዴ ነው። ሥራው በወራት ወይም በዓመታት እንጂ በቀናት አያልቅም፤ ወጪው ግን አፈሩን ጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ከመጣል ብዙ ጊዜ ያንሳል።

ዛሬ ከቫልዴዝ ነዳጅ ጭኖ የሚወጣ መርከብ አጃቢ መርከቦች ይከተሉታል፤ በአሜሪካ በ1990 በወጣው ሕግ መሠረትም የነዳጅ መርከቦች ሆዳቸው ድርብ ግድግዳ እንዲኖረው ተደርጓል። ይህ ሁሉ የመጣው ከጥፋቱ በኋላ ነው። ረቂቃኑ ፍጥረታት ያለ ደመወዝ፣ ሌሊትና ቀን ሳይሉ የሰውን ጥፋት ያጸዳሉ፤ ነገር ግን በጠጠሩ ሥር የተቀበረውን ቅሪት እንኳ ከትውልድ ዕድሜ በኋላ ጨርሰው አልበሉትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር በባሕርም ይሠራል። ከሺህ ባክቴሪያ ይልቅ ነቅቶ መሪውን የሚይዝ አንድ መርከበኛ ይሻላል።